ከመግዛት መለካት ይቅደም

ያረጀ ኮምፒዩተር በቤቱ ያለው ወጣት ሁሉ ውሎ አድሮ ከአንድ ጥያቄ ጋር መፋጠጡ አይቀርም። እስከ ትናንት ያለችግር ይጫወትበት የነበረው ማሽን አዲስ ጨዋታ ሲጫንበት መንቀራፈፍ ይጀምራል፤ ኳሷ ከተመታች በኋላ ምስሉ ዘግይቶ ይከተላል፤ አንዳንዴም ጨዋታው በመሐል ቆሞ የሃርድ ዲስኩ መንኮሻኮሽ ብቻ ይሰማል። በእጅ ያለው ገንዘብ ደግሞ አዲስ ኮምፒዩተር የሚያስገዛ ሳይሆን ቢበዛ አንድ አካል የሚያስቀይር ነው። እንግዲህ ከፕሮሰሰሩ፣ ከራሙ፣ ከሃርድ ዲስኩ፣ ከግራፊክስ ካርዱና ከፓወር ሰፕላዩ የትኛው ይቀየር?

በባሕር ዳር ከፔዳ እስከ ፖሊ ግቢ፣ ተማሪዎች በሚሰባሰቡበት ሁሉ ይህ ጥያቄ ሲነሳ ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ «ግራፊክስ ካርድ ግዛ» የሚል ነው። ምክሩ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ሊሆን ይችላል። ችግሩ ግን መልሱ የሚሰጠው ኮምፒዩተሩ ከመታየቱ በፊት መሆኑ ነው። በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም በሽተኛው ቢድንለት እንኳ ሐኪምነቱን አያስመሰግነውም። የዚህ ጽሑፍ አቋም በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ የሚቀየረውን አካል መምረጥ የዝና ወይም የምርጫ ጉዳይ ሳይሆን የልኬት ጉዳይ ነው። ልኬቱ ሲደረግ ደግሞ በእኛ ከተማ ሁኔታ አስቀድሞ ትኩረት የሚሻው አካል ብዙዎች ከሚገምቱት የተለየ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ጉዳዩ የጨዋታ ነው ብሎ ማቃለል አይገባም። የኮምፒዩተር አካላት ከውጭ የሚገቡ እንደመሆናቸው ዋጋቸው ከዶላር ጋር ይወጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር የባንክ ዋጋ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ይህ ማለት ዛሬ ያለቦታው የዋለ አንድ ግዢ ከቀድሞው ሁለት ስህተቶች ጋር የሚመጣጠን ኪሳራ ያስከትላል ማለት ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የመጣ ከሆነም «አልሠራልኝም» ብሎ ለመመለስ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በመሐል አለ። ከሁሉም በላይ ማታ ጨዋታ የሚካሄድበት ማሽን ቀን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፍበትና የቤተ ሙከራ ውጤት የሚሰላበት ያው ኮምፒዩተር ነው። ያለልኬት በተገዛ ዕቃ ምክንያት ማሽኑ ቢቃጠል የሚጠፋው ጨዋታው ብቻ አይደለም።

ሐይቁና መውጫው

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጣና ራሱ ጥሩ መምህር ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከየአቅጣጫው ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ የተፈጥሮ መውጫው ግን አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም በባሕር ዳር በኩል የሚወርደው ዓባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በዚሁ መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ በዚህ በኩል ወደ ጢስ ዓባይ የሚለቀቀው ውሃ በበሮቹ አከፋፈት ይወሰናል። በክረምት ግልገል ዓባይ ቢሞላ የሐይቁ ከፍታ ይጨምራል እንጂ በተዘጉት በሮች በኩል ተጨማሪ ውሃ አያልፍም። ስለሆነም ብዙ ውሃ ለማስወጣት የፈለገ መሐንዲስ ርብን ወይም ጉማራን አያሰፋም። ወይ በሩን ይከፍታል፣ ወይ ሌላ መውጫ ያበጃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የተሠራው በሁለተኛው መንገድ ነው፤ የሐይቁን ውሃ በተቆፈረ ዋሻ አሳልፎ 460 ሜጋዋት ለማመንጨት የሚያስችል ተርባይን ላይ ያሳርፈዋል።

ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። አንድ ጨዋታ በስክሪን ላይ የሚታየው በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ምስሎችን በተከታታይ በማሳየት ነው። ፕሮሰሰሩ የተጫዋቾቹን አቀማመጥ፣ የኳሷን አቅጣጫና የተቃራኒውን ቡድን እንቅስቃሴ አስልቶ ያዘጋጃል፤ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ የተዘጋጀውን ተቀብሎ ይስላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ፣ ግራፊክስ ካርዱ አንዱን ምስል ሲስል ፕሮሰሰሩ የሚቀጥለውን ያዘጋጃል። በዚህም ምክንያት የምስሎቹን ፍጥነት የሚወስነው ከሁለቱ ዘገምተኛው ነው።

ለማስረዳት ያህል በምሳሌ ቁጥሮች እንየው። ፕሮሰሰሩ አንድን ምስል ለማዘጋጀት 25 ሚሊሴኮንድ፣ ግራፊክስ ካርዱ ለመሳል 15 ሚሊሴኮንድ ይወስዳሉ እንበል። አንድ ሴኮንድ 1,000 ሚሊሴኮንድ ስለሆነ፣ 1,000 ለ25 ሲካፈል በሴኮንድ 40 ምስል ይገኛል። አሁን ባለቤቱ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ በሦስት እጥፍ የሚፈጥን ግራፊክስ ካርድ ቢገዛ የመሳያው ጊዜ ከ15 ወደ 5 ሚሊሴኮንድ ይወርዳል። የምስሉ ብዛት ግን ያው 40 ነው፤ አዲሱ ካርድ ከእያንዳንዱ 25 ሚሊሴኮንድ ውስጥ 20ውን ፕሮሰሰሩን በመጠበቅ ያሳልፋል። በተቃራኒው ፕሮሰሰሩ 12፣ ግራፊክስ ካርዱ 33 ሚሊሴኮንድ የሚወስዱ ቢሆን ኖሮ በሁለት እጥፍ የሚፈጥን ካርድ የምስሉን ብዛት ከ30 ወደ 60 ያሳድገው ነበር። አንድ ዓይነት ግዢ በአንዱ ማሽን ብክነት፣ በሌላው ማሽን ብልህነት ይሆናል። ሁለቱን የሚለያቸው ደግሞ የካርዱ ዝና ሳይሆን የማሽኑ ሁኔታ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይህን ሐሳብ በኬሚስትሪ ክፍል ያውቁታል። አራት ሞል ሃይድሮጅን ከአንድ ሞል ኦክስጅን ጋር ቢዋሐድ የሚገኘው ውሃ ሁለት ሞል ብቻ ነው፤ ሃይድሮጅኑን ወደ አሥር ሞል ብናሳድገው እንኳ ውሃው ያው ሁለት ሞል ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነውና። በፈተና ወረቀት ላይ ይህን በትክክል የሚመልስ ተማሪ ከክፍል ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር መሸጫ ሲገባ የሚረሳው ለምንድን ነው?

አምዳል ያሳሰበው ነገር

የኮምፒዩተር ሳይንስ ለዚህ ሐሳብ የራሱ ስሌት አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 የኮምፒዩተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል ያቀረበው መከራከሪያ በኋላ «የአምዳል ሕግ» በሚል ስም ታውቋል። የሕጉ ፍሬ ነገር የአንድን ሥራ ከፊል በማፋጠን የሚገኘው ጥቅም ያ ክፍል ከጠቅላላው ጊዜ በያዘው ድርሻ የተገደበ ነው የሚል ነው።

አንድ ጨዋታ ተከፍቶ እስኪጀምር 100 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ከዚህም ውስጥ 70ው ሃርድ ዲስኩን መጠበቂያ፣ 30ው ፕሮሰሰሩ የሚያሰላበት ጊዜ ነው ብለን እንነሳ። ፕሮሰሰሩን በእጥፍ ብናፈጥነው ጠቅላላው ጊዜ 85 ሴኮንድ ይሆናል። ዲስኩን በአሥር እጥፍ ብናፈጥነው ግን 37 ሴኮንድ ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ከነጭራሹ ጊዜ የማይወስድ ተአምረኛ ፕሮሰሰር ቢሆን እንኳ ከ70 ሴኮንድ በታች መውረድ አይቻልም።

ዲስክን በአሥር እጥፍ ማፍጠን ደግሞ የምኞት ነገር አይደለም። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል። የተፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ ግድ ነው፤ የማንበቢያው ክንድ ወደ ቦታው እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ሲጨመርበት ለአንድ ንባብ 12 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ተበታትነው የተቀመጡ መረጃዎችን በሴኮንድ ከ80 ጊዜ ብዙም ያልበለጠ ያነባል። የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ በበኩሉ ለዚሁ ሥራ የሚወስደው ጊዜ ወደ 0.1 ሚሊሴኮንድ የተጠጋ ነው። ዛሬም በሃርድ ዲስክ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ይህን ልዩነት ሳያገናዝብ ወደ ሌላ አካል ባይሻገር ይመረጣል።

ሕመሙን ከምልክቱ መለየት

ልኬት ሲባል ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ለመጀመሪያው ምርመራ የሚያስፈልገው ትዕግሥት፣ ወረቀትና እርሳስ ነው።

በመጀመሪያ ቅሬታውን በትክክል መሰየም ይገባል። «ኮምፒዩተሬ ቀርፋፋ ነው» የሚለው አነጋገር «አሞኛል» እንደማለት ነው። ጨዋታው ለመከፈት ይዘገያል? ከተከፈተ በኋላ ምስሉ ዘወትር ዝግ ያለ ነው? ደኅና ሲሄድ ቆይቶ በየመሐሉ ለአፍታ ይቆማል? በጥሩ ሁኔታ ጀምሮ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይደክማል? ወይስ ጭራሹን ድንገት ይጠፋል? እነዚህ አምስት የተለያዩ ሕመሞች ሲሆኑ በአንድ መድኃኒት አይታከሙም።

ለመከፈት የሚዘገይ ከሆነ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ዲስኩ ነው። በየመሐሉ የሚቆም ከሆነ ጨዋታው እየሄደ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ የራሙን አሞላል ማየት ያስፈልጋል። ራሙ ሲሞላ ኮምፒዩተሩ የተረፈውን መረጃ ወደ ዲስክ እየገለበጠ ይሠራል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲነጻጸር መረጃን ፈልጎ ለማግኘት ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ የሚዘገይ በመሆኑ ጨዋታው ቆመ የምንለው በዚያች ቅጽበት ነው። እንዲህ ላለው ማሽን ተጨማሪ ራም ከማንኛውም ግራፊክስ ካርድ ይበልጥ ይጠቅመዋል። እዚህ ላይ ዲዲአር3 ራም ለዲዲአር4 በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ እንደማይገባ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒዩተር ላይም አንድ ነጠላ ራም ከማስቀመጥ ይልቅ ሁለት ተመሳሳይ ራሞችን በየመስመራቸው ማስቀመጥ የተሻለ ነው። ለምሳሌ በ1600 ፍጥነት የሚሠራ ዲዲአር3 በአንድ መስመር በሴኮንድ እስከ 12.8 ጊጋባይት፣ በሁለት መስመር እስከ 25.6 ጊጋባይት የማስተላለፍ አቅም አለው፤ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስም የሚመገበው ከዚሁ ራም ነው።

ምስሉ ዘወትር ዝግ ያለ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ከግራፊክስ ካርዱ የሚለይ ቀላል ሙከራ አለ። በጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ የምስሉን ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ማድረግ ነው። ግራፊክስ ካርዱ የሚስላቸው ነጥቦች ከ2,073,600 ወደ 921,600 ይወርዳሉ፤ ይህም ሥራውን ከግማሽ በታች ያደርስለታል። የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን እምብዛም አይለወጥም። እንግዲህ ጥራቱ ሲቀንስ የምስሉ ብዛት በግልጽ ከጨመረ የዘገየው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ እምብዛም ካልጨመረ የዘገየው ፕሮሰሰሩ ነው። ሙከራው በሚደረግበት ጊዜ የምስሉን ብዛት ከስክሪኑ ጋር የሚያስተካክለው ቪሲንክ የተባለው ምርጫ መጥፋት ይኖርበታል፤ አለዚያ ውጤቱ ያሳስታል። ሙከራውን በአንድ ቦታና በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሦስት ጊዜ ደግሞ አማካዩን መውሰድም አይከፋም። በቤተ ሙከራ የምንማረው ይህንኑ አይደለምን?

ሊዘነጋ የማይገባው የከተማችን ሁኔታ

ቀሪዎቹ ሁለት ሕመሞች፣ ማለትም ከቆይታ በኋላ መድከምና ድንገት መጥፋት፣ በውጭ አገር የሚጻፉ የግዢ ምክሮች በቂ ቦታ የማይሰጧቸው ናቸው። ለእኛ ግን ዋነኞቹ ናቸው ለማለት የሚያስደፍር ምክንያት አለ።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው፤ ውሃ በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚፈላልንም ስለዚሁ ነው። የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ ደግሞ የሚገፋው አየርን በይዘት እንጂ በክብደት አይደለም። ያንኑ ያህል ጊዜ ቢሽከረከርም የሚያሳልፈው አየር በክብደት በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ስለሚሆን ሙቀቱን ተሸክሞ የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል። በዚህ ላይ የበጋው አቧራና በሐይቁ ዳር ማታ መብራት ላይ የሚረባረበው ትንኝ በማቀዝቀዣው ክንፎች መሐል ሲጠራቀሙ ነገሩ ይባባሳል። ፕሮሰሰሩ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባለቤቱም ፕሮሰሰሩ ያረጀበት መስሎት አዲስ ለመግዛት ይነሳል። ማሽኑን ከመብራት ነቅሎ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳትና በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን የደረቀ ቅባት ማደስ ግን ለዚህ ሕመም የመጀመሪያውና እጅግ ርካሹ መድኃኒት ነው።

ከዚህ የሚከብደው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንዲሉ፣ ከጢስ ዓባይ እስከ በለስ የኃይል ማመንጫዎች በተተከሉበት አካባቢ እየኖርን መብራት ሲደበዝዝብንና ሲጠፋብን እናያለን። ይህም ራሱ የሐይቁንና የመውጫውን ምሳሌ ይደግማል፤ ማመንጫው ምንም ያህል ኃይል ቢኖረው ወደ ቤታችን የሚደርሰው የሠፈሩ ትራንስፎርመርና ሽቦ የሚያሳልፉትን ያህል ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት ላይ 16 አምፒር ገደማ ይስባል። በአንድ ሠፈር ብዙ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ሲጣዱ ቮልቴጁ እንደሚወርድ የሚደበዝዘው አምፖል ይመሰክራል።

ቮልቴጅ ሲወርድ ኮምፒዩተሩ እንደ አምፖሉ ሥራውን ቀንሶ አይጠብቅም። ፓወር ሰፕላዩ የሚያስፈልገውን ኃይል ለማሟላት ተጨማሪ ከረንት ይስባል። 300 ዋት የሚወስድ ማሽን በ220 ቮልት 1.36 አምፒር ሲስብ በ160 ቮልት ግን 1.88 አምፒር ይስባል። በሽቦና በመሰል አካላት ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በከረንቱ ስኩዌር ልክ የሚያድግ በመሆኑ ወደ 1.9 እጥፍ ይደርሳል። አሥር ዓመት ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ይህን በየምሽቱ እንዲሸከም ተፈርዶበት ሳለ ተጨማሪ ግራፊክስ ካርድ ማሸከም በተዳከመ በቅሎ ላይ ሌላ ጭነት እንደመጨመር ነው። ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ብቻውን ላይበላሽ ይችላል፤ ማዘርቦርዱን፣ ዲስኩንና በዲስኩ ላይ ያለውን የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ኃይል የሚጨምር ማናቸውም አካል ከመገዛቱ በፊት የፓወር ሰፕላዩን ጎን ማንበብ ግድ ነው። በጉልህ የተጻፈውን «500 ዋት» ከማመን ይልቅ በ12 ቮልቱ መስመር የተጻፈውን አምፒር ማየት ይበጃል። 20 አምፒር የሚል ከሆነ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ በዋናነት የሚጠቀሙበት ኃይል 240 ዋት ብቻ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ አሮጌ ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ በስተኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ እንዳለው ይታይ፤ በ115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ በቅጽበት ይቃጠላል። ስታቢላይዘር የቮልቴጅ መዋዠቅን፣ ዩፒኤስ ደግሞ ድንገተኛ መቋረጥን ለመከላከል የተሠሩ ናቸው። ዩፒኤስ ሲገዛ «650 ቪኤ» የሚለው ጽሑፍ 650 ዋት ማለት እንዳልሆነና አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል።

ግራፊክስ ካርድ መቼ ይገዛ?

ይህ ሁሉ ሲባል ግራፊክስ ካርድ አይገዛ ማለት አይደለም። ማሽኑ ከጸዳ፣ ኃይሉ ከተረጋገጠ፣ ራሙ ካልሞላና የጥራቱ ሙከራ ወደ ካርዱ ካመለከተ ግራፊክስ ካርድ መግዛት ትክክለኛው ውሳኔ ነው። ሆኖም በአገራችን ገበያ በብዛት የሚገኙት ከቢሮ ሥራ የተሰናበቱ እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ያሉ ኮምፒዩተሮች የራሳቸው ገደብ አላቸው። ቀጫጭኖቹ ሞዴሎች ቁመቱ ያጠረ ካርድ ብቻ ይቀበላሉ፤ ፓወር ሰፕላያቸውም ትንሽ ነው። ካርዱ የሚሰካበት መስመር ቢበዛ 75 ዋት ስለሚሰጥ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልጉ ካርዶችን መምረጥ ያሻል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይና በ2017 የወጣው ጂቲ 1030 ከእነዚህ መካከል ናቸው።

በስም ብቻ መግዛት ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያሳየውም ይኸው ጂቲ 1030 ነው። በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ካርድ ይሸጣል። በጂዲዲአር5 የተሠራው ከራሱ ማኅደረ ትውስታ በሴኮንድ እስከ 48 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ፣ በኋላ የመጣው በዲዲአር4 የተሠራው ግን 16.8 ጊጋባይት ብቻ ያስተላልፋል። ማሸጊያው ላይ ያለው ስም አንድ ነው፤ አቅሙ ግን ሲሶ ገደማ ነው።

ለተቃራኒ ሐሳቦች መልስ

«ግራፊክስ ካርዱን ዛሬ ብገዛው ነገ ወደምገዛው አዲስ ኮምፒዩተር አዛውረዋለሁ» የሚሉ አሉ። ይህ ቁም ነገር ያለው መከራከሪያ ነው። ነገር ግን በዚሁ መስፈርት ከሄድን ኤስኤስዲና ደረጃውን የጠበቀ ፓወር ሰፕላይም ወደ አዲሱ ማሽን ይሻገራሉ፤ ያውም እስከዚያው አሮጌውን ማሽን በሕይወት እያቆዩ። በአሮጌው ማሽን የሚቀሩት የድሮው ራምና የድሮው ፕሮሰሰር ናቸው። ስለዚህ በእነዚህ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት አነስተኛ ዋጋ መወሰን ይገባዋል።

ሌሎች ደግሞ «አሮጌ ማሽን ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ነው፤ ጠብቆ አዲስ መግዛት ይሻላል» ይላሉ። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ድንበሩን ለማወቅም ቀላል መመዘኛ ማስቀመጥ ይቻላል። ልኬቱ የሚያመለክተው አንድ አካል ከሆነ ይቀየር። አንዱን ለመቀየር ሁለተኛውና ሦስተኛው መቀየር ካለባቸው፣ ለምሳሌ አዲስ ፕሮሰሰር አዲስ ማዘርቦርድ፣ አዲሱ ማዘርቦርድ አዲስ ራም የሚጠይቅ ከሆነ፣ ያ ማሻሻል ሳይሆን አዲስ ኮምፒዩተርን በችርቻሮ መግዛት ነው። ያን ጊዜ እጅን ሰብስቦ መቆጠብ ይሻላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱና ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት ያሉትን የማይደግፍ መሆኑም በዚህ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት።

«ጨዋታ ለተማሪ ምን ይጠቅመዋል?» የሚሉ ወላጆችና መምህራንም አይጠፉም። ጊዜን ስለመመጠን የሚሰጡት ምክር ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ወጣት የራሱን ማሽን መላምት ይዞ ሲመረምር፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንዱን ነገር ብቻ ለውጦ ሲለካና በቁጥር አምኖ ሐሳቡን ሲቀይር የሚያደርገው ነገር ሳይንስ ካልተባለ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? የኦምን ሕግ፣ የአየር ግፊትንና የአምዳልን ስሌት በአንድ ሣጥን ውስጥ የሚያገናኝ ርካሽ ቤተ ሙከራ በቤቱ አለው።

በመሆኑም የትምህርት ቤቶችና የዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ክበባት አንድ ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው። በየሴሚስተሩ አንድ ቀን መድበው፣ ከቤተ ሙከራ የቮልቴጅ መለኪያ አውጥተው፣ ብሩሽና ማቀዝቀዣ ቅባት አዘጋጅተው ተማሪዎች ማሽኖቻቸውን ይዘው እንዲመጡና እንዲለኩ ያድርጉ። ትርፍ ራም ያለውም ጓደኛው ከመግዛቱ በፊት በውሰት ሞክሮ እንዲያይ ይፍቀድለት። በዚህ ቀን አንድ ተማሪ እንኳ ሊገዛ ያሰበው ዕቃ እንደማያስፈልገው ቢረዳ፣ የወላጆቹ ገንዘብ ከነሙሉ ዋጋው ተረፈ ማለት ነው።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። ጥምጥሙ የሚያምረው ትምህርቱ ከቀደመ ነው፤ አዲሱ ካርድም የሚያምረው ልኬቱ ሲቀድም ነው።